የጋሽ ወሰንየለህ ደረት

የዛፍ ውፍረት የሚለካው በደረት ቁመት ነው፤ ከመሬት አንድ ሜትር ከሠላሳ ሳንቲሜትር ላይ። ይህን በወረዳችን ፊደል ያልጨረሰ ተማሪ እንኳ ያውቀዋል። እኔ ግን በሥራው ላይ ሃያ ሁለት ዓመት ቆይቼ፣ በአርባ ስድስት ዓመቴ፣ በ2098 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ነው በትክክል ያወቅሁት።

ስሜ አስካለ አደሎ ነው። ሥራዬ አቅም ነው። ወረቀቱ ላይ “ብሔራዊ የደን ክትትል አቅም፣ ደረጃ አራት” ተብሎ ይጻፋል፤ ሰዉ ግን ቢሰለቸው አሳጥሮ አቅም ይለናል። ወረዳችን ሦስት አቅሞች አሉት። አንዷ አራስ ናት፣ አንዱ ጉልበቱን ታሟል፣ ስለዚህ ያለው አቅም እኔ ነኝ። ሱቅ ስገባ “አቅማችን መጣች” ይሉኛል፤ ደክሞኝ ድንጋይ ላይ ቁጭ ስል “አቅም አነሰን” ይላሉ። ቀልዱ ከእኔ የሥራ ዕድሜ ይበልጣል። የሚስቅበት የለም፣ ግን ይባላል።

ከሕዋ ሆኖ የሚያይ ዓይን ሞልቷል። ቅጠል ሲረግፍ ያያል። አሞራ የምንላቸው በራሪዎችም በቀን ሁለት ጊዜ ያልፋሉ። ቢሆንም በአያቶቻችን ዘመን በተፈረመው ስምምነት መሠረት የአገሩ ተወላጅ በእጁ ያልነካው ዛፍ አይቆጠርም። ድሮ ደናችንን የሚቆጥሩልን የውጭ ሰዎች ነበሩ ይባላል። ከዚያ ራሳችን እንቁጠር ተባለ፣ ሥልጠና መጣ፣ አቅም ተገነባ። ስለዚህ በየዓመቱ ኅዳር ላይ ስድስት መቶ አሥራ ሁለት ዛፎችን በየተራ አቅፋለሁ። ሜትሩን በግንዱ ዙሪያ ለማዞር ማቀፍ ግድ ነው። ባሌን በሕይወት ሳለ ያን ያህል አላቀፍኩትም፤ ይህንንም ራሱ ነበር የሚለው።

አባቴ አደሎ የሚኖረው ዋቢቶ በምትባል መንደር ውስጥ፣ እኔ የምለካው ደን መሀል ነበር። አርባ አንድ ቤት ነው። የመንደሩ ሰው እዚያ የሚኖረው በአንድ ሁኔታ ነው፦ የደኑ ቁጥር ከዓመት ዓመት በሰው ምክንያት ከሁለት በመቶ በላይ ካልቀነሰ። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ከአየር ሁኔታው በፊት፣ ከየቤቱ ጣሪያ በድምፅ ማጉያ ቁጥሩ ይነበባል። ሰው ፊቱን እየታጠበ ያዳምጣል፤ እስኪያልቅ ድረስ ውኃውን አያፈስም። ከመንደሩ የሚወጣ በሩ ላይ ይመዘናል፣ ሲመለስም ይመዘናል፤ እንጨት እንዳይወጣ ነው። ካቻምና አንዲት ሴት ከተማ ወልዳ ስትመለስ ሚዛኑ ልጇን “ያልታወቀ ጭነት” ብሎ መዘገበው። የልጁ ፈቃድ እስኪመጣ ሰባት ቀን ፈጀ። ሴቶቹ ገንፎዋን በአጥሩ ላይ እያሻገሩ በሩ ላይ አረሷት። ጢስ ከተከለከለ ሃያ ዓመት ስለሆነው ገንፎው በፀሐይ ምድጃ የተገነፋ ነበር።

አባቴ ማር ቆራጭ ነው። ጌተም የሚባለው ትልቅ የማር ዛፍ ላይ ቀፎ ለመስቀል ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ አንዱ ይወጣል፣ አንዱ ከታች ገመዱን ይይዛል። የሚወጣው እግሩን ከመሬት ከማንሳቱ በፊት “ያዝክ?” ይላል። የታችኛው “ይዣለሁ” ይላል። ሳይባባሉ መውጣት በዋቢቶ ነውር ነው። የገመድ ጓደኛ ደግሞ እንደ ጫማ አይቀየርም። የአባቴ የገመድ ጓደኛ ጎረቤታችን ጋሽ ኃይሎ ነበሩ፤ አርባ ዓመት ሙሉ።

የምለካባትን ዱላ የቆረጣት አባቴ ነው። በ2054 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ አቶ ወሰንየለህ ዳምጤ የሚባሉ አሠልጣኝ መጡ። በአካባቢው የመጀመሪያዎቹን ስድስት ለኪዎች ያሠለጠኑት እሳቸው ናቸው። አባቴና ጋሽ ኃይሎ ከስድስቱ መካከል ነበሩ። መለኪያው ብረት ገና አልደረሰም ነበርና ጋሽ ወሰንየለህ ዛፍ ሥር ቀጥ ብለው ቆሙ፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ የደረት ቁመት ማለት ይኸው አሉ። አባቴ የወይራ ዱላ አምጥቶ በደረታቸው ልክ ቆረጠ። በዚያች ዱላ የዛፉ ሁሉ ደረት ላይ ቀይ ቀለበት ተቀባ። ሰውየው ከእኛ ወጥተው ሌሎች ወረዳዎችንም አሠለጠኑ፣ የአባቴም ዱላ እየተቀዳች አብራቸው ዞረች። እሳቸው ከሞቱ ብዙ ዓመት ሆነ። ዱላዋ ከአባቴ ወደ እኔ አለፈች፤ በእጅ ብዛት እንደ ማር ቀልታለች።

በየአሥር ዓመቱ መሣሪያችን ይፈተሻል። ዱላዋ ግን ተፈትሻ አታውቅም፤ ዝርዝሩ ላይ “ምርኩዝ” ተብላ ስለሰፈረች እንደ ግል ዕቃ ነበር የምትታየው። ዘንድሮ በእጅ የሚያዝ ሁሉ ይፈተሽ የሚል መመሪያ ወጣ። ወረዳው ጽሕፈት ቤት ያለው ማሽን ላይ አጋደምኳት። ማሽኑ “እንደገና” አለ። እንደገና አጋደምኳት። በሦስተኛው አንድ ሜትር ከሃያ ሁለት አለና ከመሳቢያው ነጭ የብረት ዱላ አወጣልኝ። ልዩነቱ አንድ ጋት ነው፤ አራት ጣት ቢጋደም ማለት ነው። ያን ጊዜ የተሰማኝ ነገር ረሃብ ብቻ ነው፤ ምሳ አልበላሁም ነበር።

ወይራዋን ለአባቴ መለስኩለት። አርጅታለች ተብሎ ነው አልኩት። ጡረታ ወጣች ብሎ ሳቀና ከበሩ ጀርባ አቆማት።

በነጩ ዱላ መለካት ጀመርኩ። ዛፍ ከሥሩ ወፍራም ነው፣ ወደ ላይ ሲሄድ ይቀጥናል። ስለዚህ ከቀዩ ቀለበት አንድ ጋት ከፍ ብዬ ሳቅፈው እያንዳንዱ ዛፍ ትንሽ ትንሽ ቀጠነብኝ። ሁለተኛው ቀን ላይ ጋሽ ኃይሎ በመንገዱ ሲያልፉ አገኙኝ። ነጩን ዱላ አዩ። ጠጋ ብለው አራት ጣታቸውን በቀዩ ቀለበትና በእኔ ምልክት መካከል አጋደሙ፤ ልክ ሞላ። ቀና ብለው አዩኝና መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ከስድስት መቶ አሥራ ሁለቱ ዛፎች አንድም አልጎደለም። አንድም ቅርንጫፍ አልተሰበረም። ቁጥሩ ግን ሁለት ነጥብ ስድስት በመቶ ቀነሰ።

ቁጥር ሲቀንስ ቅጹ ምክንያት ይጠይቃል። ምክንያቶቹ አራት ናቸው፦ እሳት፣ ነፋስ፣ በሽታ፣ ሰው። አንዱ ካልተነካ ቅጹ አይዘጋም። እሳት እንዳልል አመድ የለም። ነፋስ እንዳልል አሞራው አንድም የወደቀ ግንድ አላየም። በሽታ ከተባለ እንዳይዛመት ተብሎ በሦስት ኪሎ ሜትር ዙሪያ ያለው ዛፍ ሁሉ ይቆረጣል። ሰው ከተባለ ሰዉ ይነሣል። ቅጹን እስከ ሐሙስ መዝጋት ነበረብኝ፤ ካልዘጋሁ ማኅተሜ ይሰረዝና ከሌላ ወረዳ የሚመጣ ሰው ይዘጋዋል፣ እሱ ደግሞ ሁልጊዜ ሰው ነው የሚለው።

አዲስ አበባ ደወልኩ። የክፍሉ ኃላፊ ሜላት የምትባል፣ በዕድሜ ከእኔ የምታንስ፣ ትሑት ሴት ናት። ሁሉንም ነገርኳት። ደኑ አልቀነሰም፣ ዱላዋ ናት አልኳት። የድሮውን ቁጥር በአንድ ጋት እናርመውና ሁሉም ልክ ይገባል አልኳት። ሳታቋርጠኝ ሰማች። ከዚያ ያለፈው ሪፖርት ተፈርሞ የተዘጋ መሆኑን አስረዳችኝ። ነገሩ የአንድ ወረዳ ብቻ አለመሆኑንም ነገረችኝ፤ ከላይ ያለው ዓይን ዛፍ ማየት የተማረው ከእኛ ልኬት ስለሆነ፣ የእኛ ቁጥር ከተነካ የአገሪቱ ሁሉ ይነካል።

“አርባ ዓመት ሙሉ ደናቸውን በራሳቸው የቆጠሩ እየተባልን ነው የምንከበረው” አለች። “እርስዎ በአንድ ዱላ ምክንያት ተመልሰን በውጭ ሰው እንድንቆጠር ይፈልጋሉ?”

አልፈልግም አልኳት። ታዲያ ቅጹ ላይ “ዱላ” የሚል አምስተኛ ምክንያት ይጨመርልኝ አልኳት። ለሚቀጥለው እቅድ እንደሚታይ ነገረችኝ። ዘንድሮ በትክክል ከለኩ ትክክል ነው ብላ አመሰገነችኝ። እውነቷን ነው፤ የለካሁት ትክክል ነበር።

ረቡዕ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። ጌተሙ ሥር ቆሞ ማር ለመቁረጥ ሲዘጋጅ ነበር። ጢስ ስለማይቻል ንቦቹን በቀዝቃዛ አየር መንፊያ ነው የሚያደነዝዙት፤ እንደ ተከደነ የጠላ ጋን ዝም ይላሉ። ጋሽ ኃይሎ ገመዱን ይፈትሹ ነበር። አባቴን ለብቻው ወሰድ አድርጌ ጠየቅሁት።

“አባዬ፣ ከቤቱና ከዛፎቹ አንዱን ልቀቅ ብትባል የትኛውን ትለቃለህ?”

ጨዋታ መስሎት ገመዱን እያየ መለሰልኝ። “ቤትማ ሰው ይሠራዋል። ጌተምን ማን ይሠራዋል?”

ከዚያ ወደ ዛፉ ተመለሰ። “ያዝክ?” ሲል ሰማሁ። “ይዣለሁ” አሉ ጋሽ ኃይሎ። ሰባ ስምንት ዓመት የሞላው ሰው እንደ ጉሬዛ ወደ ላይ ወጣ። ለምን እንደጠየቅሁት አልነገርኩትም። ብነግረው ኖሮ መልሱ ሌላ ሊሆን ይችል ነበር፤ ይህን እያወቅሁ ነው ዝም ያልኩት። አሁንም የሚያሳፍረኝ ያ ዝምታ ነው፣ ቅጹ አይደለም። ሐሙስ ጠዋት ሰው የሚለውን ነካሁ።

ቅዳሜ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከየጣሪያው ተነበበ። የመቀነሱ ምክንያት፣ ሰው። ካፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። አርባ አንዱም ቤት ውስጥ ውኃ ሲፈስ ይሰማ ነበር፤ ሁሉም ፊቱን ታጥቦ ጨረሰ። በሦስተኛው ሳምንት መኪኖች መጡ። ሰዉ ከነዕቃው ለመጨረሻ ጊዜ ተመዘነና ሚዛኑ እያንዳንዱን በስሙ እየጠራ ሰላም ሁኑ አለ። ቀፎዎቹ እንደተሰቀሉ ቀሩ። አባቴ ከቤቱ ይዞ የወጣው ልብሱን፣ ገመዱንና ያቺን ወይራ ነው።

ዋቢቶ በሙሉ ከተማው ዳር ወዳለው ኮንዶሚኒየም ገባ። አባቴ ዘጠነኛ ፎቅ ደረሰው፣ ጋሽ ኃይሎ ከእሱ በር ፊት ለፊት ያለው። ዕጣ ነው። ቁጥሩ እዚያም ይነበባል፤ በኮሪደሩና በሊፍቱ ውስጥ።

አባቴ ሐሳብ የያዘው መኪናው ላይ ሳለ ነው። ሰው ከተባለ የሆነ ሰው አለ ማለት ነው አለ። ከአርባ አንድ ቤት አንዱ ቆርጧል። ሲያወጣ ሲያወርድ ጋሽ ኃይሎ ላይ ደረሰ፤ በዚያው ዓመት ልጃቸውን ሲድሩ አዲስ አልጋ አሠርተው ነበር። አልጋው ከከተማ እንደመጣ በሩ ላይ ያለው ሚዛን መዝግቦታል። አባቴ ሚዛን ይሳሳታል አለ። ዱላ ግን አይሳሳትም አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሽ ኃይሎን ሰላም ብሎ አያውቅም። ኮሪደሩ ሁለት ክንድ ነው ስፋቱ፤ በየቀኑ ሲተላለፉ ትከሻቸው ይነካካል። ጋሽ ኃይሎ “እንደምን አደርክ” ይላሉ። አባቴ ግድግዳውን እያየ ያልፋል። አንድ ዓመት ሙሉ።

እኔ በየሳምንቱ እሑድ ምግብ ይዤለት እሄዳለሁ። ማሩ ናፍቆት እንደሆነ ስጠይቀው ጥርሴን ያመኛል ይለኛል። ስለ ጋሽ ኃይሎ ሲያነሣ ወሬ እቀይራለሁ። እውነቱን ልነግረው አንድ ቃል በቂ ነበር፤ ግን አባቴ በሕይወቱ የሚኮራበት ነገር ያቺ ዱላ ናት። እሷን ወስጄ ጓደኛውን ልመልስለት፣ ወይስ እንዳለ ልተወው? ይህን አምሳ እሑድ አሰብኩበት። አምሳውንም እሑድ ምግቡን አቅርቤለት፣ ዕቃውን አጥቤ ወጣሁ።

በ2099 ኅዳር ደኑን በነጩ ዱላ ደግሜ ለካሁት። ነጭ በነጭ ሲነጻጸር አንድ ነጥብ አንድ በመቶ አደገ። ደኑ ሁልጊዜም በዚያው መጠን ነበር የሚያድገው። ሪፖርቱ ግን ሰው ከተነሣ በኋላ ደኑ አገገመ አለ። የዋቢቶ ተሞክሮ ተብሎ ተጻፈ። በሌሎች አሥራ አንድ መንደሮች ላሉ ለኪዎች አሠልጣኝ ሆኜ ተሾምኩ፣ ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ነጭ ዱላ እንዳደርስም ተሰጠኝ። ሁሉም የጋሽ ወሰንየለህ ተማሪዎች የነበሩባቸው፣ እስካሁንም በአባቴ ዱላ ቅጂ የሚለኩ መንደሮች ናቸው። ሜላት ደውላ እንኳን ደስ አለዎት አለችኝ። አመሰግናለሁ አልኳት።

ጉዞው ሰኞ ስለነበር እሑድ ጠዋት ከረጢቱን እንደያዝኩ አባቴ ዘንድ ገባሁ። በሩ ክፍት ነው። ኮሪደሩ ላይ ሪፖርቱ እየተነበበ ነበር፤ ሰው ከተነሣ በኋላ አገገመ የሚለውን ጭምር። አባቴ ወንበሩ ላይ ሆኖ እስከ መጨረሻው አዳመጠ። ከዚያ በጣቱ ፊት ለፊት ያለውን በር አሳየኝ።

“አየሽ? ኃይሎ ሲወጣ አደገ።”

ለምን በዚያች ደቂቃ እንደሆነ አላውቅም። ምናልባት ድምፁ በሩን አልፎ ጋሽ ኃይሎ ሰምተውት ይሆን ብዬ ይሆናል።

“አባዬ፣ ደኑ ድሮም አልቀነሰም” አልኩት። “ዱላዋ አንድ ጋት ታጥራለች። አምና በረጅሙ ዱላ ስለለካሁ ነው የቀነሰ የመሰለው።”

ከረጢቱን ከፍቼ አንድ ነጭ ዱላ አወጣሁና ከበሩ ጀርባ ካለችው ወይራ ጎን አቆምኩት። ሳይነሣ አያቸው። ያለቅሳል ብዬ ነበር፣ አላለቀሰም።

“ዱላዋ አላጠረችም” አለ በመጨረሻ። “ጋሽ ወሰንየለህ ናቸው አጭር የነበሩት።”

ከዚያ እኔ የማላውቀውን ነገረኝ። ጋሽ ወሰንየለህ በሄዱ በሁለተኛው ወር መለኪያው ብረት ከአዲስ አበባ ደርሶ ነበር። ከወይራዋ ጋር ሲያስተያዩት አንድ ጋት በለጠ። ስድስቱ ለኪዎች ተቀምጠው መከሩ። አምስቱ፣ ብረቷን ማን እንደቆረጣት አናውቅም፣ ወይራዋ ግን የአስተማሪያችን ደረት ናት አሉ። ብረቷን መያዝ ሰውየውን ሐሰተኛ ማድረግ ነው አሉ። አንድ ሰው ብቻ፣ ደረት ከሰው ሰው ይለያያል፣ ብረቷ ናት ልክ ብሎ ተከራከረ። አባቴ ተነሥቶ አስተማሪህን ልታዋርድ ነው ወይ ብሎ በሰው ፊት ተቆጣው። ያ ሰው ዝም አለ። ብረቷን አባቴ ራሱ ወስዶ የትምህርት ቤቱ በር መቀርቀሪያ አደረጋት።

ያ ሰው ማን እንደነበር አልጠየቅሁትም። አራት ጣታቸውን ቀለበቱ ላይ ሲያጋድሙ አይቻቸዋለሁ።

“ምክንያቱ ሰው ነው ብለሽ የጻፍሽው አንቺ ነሽ?” አለኝ።

“አዎ።”

“የትኛውን ሰው አስበሽ ነው?”

“ማንንም።”

ራሱን ነቀነቀ። ወንበሩን ደገፍ ብሎ ተነሣ፣ ወይራዋን ከበሩ ጀርባ አነሣ፣ ኮሪደሩን በሁለት እርምጃ ተሻገረና አንኳኳ። ጋሽ ኃይሎ ከፈቱ። አባቴ ዱላዋን በራቸው ደፍ ላይ አጋደማት። ሊናገር ብዙ ጊዜ ሞከረ፤ መንጋጋው ሲንቀሳቀስ ከኋላው ይታየኛል። ይቅርታ የሚለውን ቃል አላገኘውም። የወጣለት ሌላ ነው።

“ያዝክ?” አለ።

ጋሽ ኃይሎ ዱላዋን አዩ። እኔን አዩ፤ ትከሻዬ ላይ ያለውን ከረጢት፣ ከአፉ ብቅ ያሉትን ነጫጭ ብረቶች አዩ። ከዚያ ወደ አባቴ ተመለሱ።

“ዓመት ሙሉ ይዣለሁ እኮ” አሉ።

ከበሩ ገለል አሉለትና አባቴ ዱላዋን ተሻግሮ ገባ። ወንበር ሲጎተት ተሰማኝ፣ ቀጥሎ ብርጭቆ። ሊፍቱ መጥቶ ተከፈተ፣ ቁጥሩን አነበበ፣ ተዘጋ። ከረጢቱ ይከብዳል፣ ግን አላወረድኩትም። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ግቢ ያለኝ የለም።